ለዩኒቨርሲቲ የዘር ምርመራ ቤት መሣሪያ ከመግዛት አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው

በምሥራቅ ጐጃም በቢቸናና በሞጣ ዙሪያ ያለው አገር ስንዴ፥ ጤፍና ገብስ የሚያበቅል የታወቀ የእህል አገር ነው። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ አየሩ ቀዝቃዛ፥ ክረምቱም ዝናም የሞላበት ስለ ሆነ ለስንዴ ይስማማል። ነገር ግን ለስንዴው የሚስማማው ብርድና እርጥበት ለስንዴው ጠላት ለቢጫ ዋግም እንዲሁ ይስማማል። ገበሬው ዋግን ከጥንት ጀምሮ በስሙ ያውቀዋል፤ በቅጠሉ ላይ ቢጫ ዱቄት ተነስንሶ ባየ ጊዜ «ዋግ መታው» ይላል። የማያውቀው ነገር ቢኖር ዘንድሮ የመጣው ዋግ ዐምና ከመጣው ጋር አንድ ወገን መሆኑን ወይም አለመሆኑን ነው። ይህን ዐይን ሊለየው አይችልም፤ የሚለየው በምርመራ ቤት ነው። ስለዚህ የምርመራው ቤት መሣሪያ ምን እንደ ሆነ፥ ሲገዛም ምን ምን አብሮት መገዛት እንዳለበት የዞን፥ የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት፥ ሰፊ እርሻ ያላቸው ባለይዞታዎችም ሊያውቁት ይገባል፤ ገንዘቡ ከሕዝብ የሚወጣ፥ ናሙናውም ከእነርሱ እርሻ የሚመጣ ነውና። በዚህ ጽሕፈት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስንዴን የሚያጠቃው ዋግ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቢጫ ዋግ፥ የግንድ ዋግና የቅጠል ዋግ ይባላል። ሦስቱም ፈንገስ የሚባሉ ረቂቃን ፍጥረታት ናቸው፤ ዘራቸውም እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ስለ ሆነ ነፋስ ከእርሻ ወደ እርሻ፥ ከአገርም ወደ አገር ይወስደዋል። በእያንዳንዱ ዓይነት ውስጥ ደግሞ ብዙ ወገን አለ። አንዱን ወገን የሚመክት የስንዴ ዘር ለሌላው ወገን በሩን ከፍቶ ይሰጣል።

ይህም በኢትዮጵያ በግልጥ ታይቷል። እንቆይ የተባለው የስንዴ ዘር ብዙ ዘመን ተመስግኖ ሲዘራ ከኖረ በኋላ በ1993 እና በ1994 በግንድ ዋግ ወደቀ። በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ ወደ 600,000 ሔክታር የሚጠጋ የስንዴ እርሻ መታ፤ በዚያን ጊዜ በብዙ አገር ተዘርተው የነበሩት ኩብሳና ጋለማ ሊመክቱት አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ዲገሉ የተባለው ዘር ቢጫውን ዋግ ስለሚመክት በስፋት ተሰራጨ። በ2013 ግን ቲ.ኬ.ቲ.ቲ.ኤፍ. የሚል ምልክት የተሰጠው የግንድ ዋግ ወገን በባሌና በአርሲ ዲገሉን ክፉኛ ጐዳው። በሦስቱም ጊዜ የስንዴው ዘር ያው ነበረ፤ የተለወጠው ጠላቱ ነው። እንግዲህ በየዓመቱ የጠላቱን ወገን ለይቶ ሳያውቅ ዘር የሚያከፋፍል ሹም፥ ማን እንደ መጣበት ሳይጠይቅ በር እንደሚከፍት ሰው ይቈጠራል።

የዋግን ወገን ለመለየት ለብዙ ዘመን የተሠራበት መንገድ እንደሚከተለው ነው። ዋጉ ከነሕይወቱ ከእርሻ ይሰበሰባል፤ በመስታወት ወይም በላስቲክ በተከለለ ቤት ውስጥ ይባዛል፤ ከዚያም ጠባያቸው አስቀድሞ በታወቀ ልዩ ልዩ የስንዴ ቡቃያዎች ላይ ይረጫል። የትኛው ቡቃያ እንደ ታመመ፥ የትኛውም እንደ ዳነ ተመዝግቦ የዋጉ ወገን ይታወቃል። የአምቦ ምርምር ማዕከል ይህን ሥራ ለግንድ ዋግ ሲሠራ ኖሯል፤ ናሙናም ወደ ውጭ አገር፥ ለምሳሌ በዴንማርክ ወዳለው ወደ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ የዋግ ምርመራ ማዕከል ይላካል። መንገዱ የታመነ ነው፤ ዛሬም አስፈላጊነቱ አልቀረም። ጕድለቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው፤ መልሱ ሳምንታት፥ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይወስዳል። ቢጫ ዋግ ግን አየሩ ከተመቸው በቅጠል ላይ ባረፈ በ2 ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ አዲስ ብናኝ ይረጫል። መልሱ በ3 ወር የሚመጣ ከሆነ ዋጉ እስከዚያ ድረስ ወደ 6 ጊዜ ያህል ተራብቶ፥ እህሉም ታጭዶ ይገኛል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለዚህ ነገር እንደ ተነገረ ያህል ነው።

አዲሱ መንገድ ቡቃያ ሳይጠብቅ የዋጉን ዘር ራሱን ያነባል። ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ በሕዋሱ ውስጥ የዘሩን መልእክት ይዞ ይኖራል፤ መልእክቱም ዲ.ኤን.ኤ. በሚባል እጅግ ረዥምና ቀጭን ክር ላይ በ4 ፊደላት ብቻ ተጽፎአል። የዳቦ ስንዴ መልእክት ወደ 16 ቢሊዮን የሚጠጋ ፊደል አለው፤ የብዙ አገር ሊቃውንት ተባብረው ዝርዝሩን በ2018 አሳትመውታል። የዋጉ መልእክት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ይህን ጽሕፈት የማንበብና የማስተያየት ትምህርት ጂኖሚክስ ይባላል። ሥራውንም የብራና መጻሕፍት የሚያስተያይ ሊቅ በቀላሉ ያስተውለዋል፤ ሁለት መጻሕፍት በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት የጸሓፊ ስሕተት ቢገኝባቸው ከአንድ እናት መጽሐፍ እንደ ተገለበጡ ይታወቃልና። የዋግም ወገን ከወገን የሚለየው በክሩ ላይ በየስፍራው ባሉ እንዲህ ባሉ ጥቃቅን የፊደል ለውጦች ነው።

በዚህ መንገድ በኢትዮጵያ የተሠራ ሥራ አለ። በ2018 የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፥ በእንግሊዝ አገር ያለው የጆን ኢኒስ ማዕከል፥ ሲሚት የሚባለውም ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከል ተባብረው «ማርፕል» የተባለውን የምርመራ ዘዴ በሆለታ ፈተኑት። ዕቃው ሁሉ በሻንጣ ተይዞ የሚጓዝ ነው። ዘዴው የቢጫውን ዋግ መልእክት በሙሉ አያነብም፤ ወገን ከወገን በሚለይባቸው 242 ዘረ መሎች ላይ ብቻ ያተኵራል። እነዚህ ፒ.ሲ.አር. በሚባለው፥ ሙቀትን በየተራ ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ ከተባዙ በኋላ ሚናየን የተባለው ማንበቢያ ያነባቸዋል። ማንበቢያው በእጅ መዳፍ የሚያዝ፥ ክብደቱ ከ100 ግራም የማይበልጥ፥ ኃይሉንም ከኮምፒዩተር የሚያገኝ ነው። መልሱ ከናሙናው አያያዝ ጀምሮ በ2 ቀን ውስጥ ይገኛል። ወራት ይፈጅ የነበረው ነገር በ2 ቀን መፈጸሙ ለደጋው ገበሬ ትልቅ ነገር ነው፤ መድኃኒት ለመርጨት ገና ጊዜ ሳለ ማወቅ፥ ለሚመጣውም ዓመት ዘር ከመከፋፈሉ በፊት መምረጥ ይቻላልና።

ለቢቸናና ለሞጣ ቅርብ የሆኑት የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፤ ሁለቱም የግብርና ኮሌጅ አላቸው። ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ከሞጣም በአዴት በኩል ወደ ባሕር ዳር ናሙና በአንድ ቀን መድረስ ይችላል፤ በመንገዱ ላይ ያለው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከልም ለአገሩ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የጂኖሚክስ ምርመራ ቤት ለማቋቋም ወይም ለማስፋት ባሰበ ጊዜ ከየአገሩ ነጋዴ የዕቃ ዝርዝር ይቀርብለታል። በዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ያማረ፥ ሁሉም የሚያስፈልግ መስሎ ይታያል። በዚህ ጊዜ ሊጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው መሣሪያ ይበልጣል?» የሚለው ሳይሆን «የምንፈልገው መልስ የትኛው ነው?» የሚለው ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ስም አለ፤ ይኸውም «ማይክሮአሬይ» ነው። በዚህ ስም የሚጠሩት መሣሪያዎች ሁለት ሲሆኑ ሥራቸው ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው የዲ.ኤን.ኤ. ማይክሮአሬይ ይባላል፤ በትንሽ መስታወት ላይ ብዙ ሺህ የዲ.ኤን.ኤ. ነጠብጣቦች በሥርዓት ተደርድረው የሚመረመረው ዘር ከየትኛው ጋር እንደሚጣበቅ የሚታይበት ነው። በ1995 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት የ45 ዘረ መሎችን ሥራ በአንድ መስታወት ላይ በዚህ ዘዴ አሳዩ፤ በ2014 ደግሞ 90,000 ያህል የፊደል ለውጦችን የሚመረምር የስንዴ ሰሌዳ ታትሞ ወጣ። ይህ የስንዴ አዳቃይ ከብዙ ዘር መካከል ለመምረጥ ይረዳዋል።

ሁለተኛው ቲሹ ማይክሮአሬይ ይባላል፤ ይህ የአካል ሥጋ ቅንጣት መደርደሪያ ነው። ከእንስሳ ወይም ከሰው አካል የተወሰደ ሥጋ እንዳይበሰብስ በፎርማሊን ተጠብቆ በፓራፊን ሰም ውስጥ ይተከላል። መደርደሪያው መሣሪያ ከእንዲህ ያለው ሰም ውስጥ ውፍረቷ እስከ 0.6 ሚሊ ሜትር የምታንስ፥ እንደ ስንደዶ የቀጠነች ዘንግ በባዶ መርፌ ይነቅልና በሌላ ሰም ላይ በተዘጋጀ ቀዳዳ ይተክላታል። እንደዚሁ ከብዙ እንስሳ የተነቀሉ ዘንጎች ጐን ለጐን ይደረደራሉ፤ በአንድ ሰም ላይ እስከ 1,000 ሊደርሱ ይችላሉ። ከዚያም ሰሙ ከሚሊ ሜትር ሺህኛ እጅ 4 ወይም 5 በሚሆን ውፍረት ተከትፎ በመስታወት ላይ ይደረግና በአንድ ማቅለሚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመረመራሉ። ሐሳቡን በ1986 ባቲፎራ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም አስቀድሞ አወጣው፤ በ1998 ኮኖነንና ካሊዮኒየሚ ከባልደረቦቻቸው ጋር በመርፌ የሚደረድረውን መሣሪያ አሳወቁ።

ይህ መደርደሪያ ለብዙ ጥያቄ የሚጠቅም ነው። ከቄራ የተሰበሰበ የብዙ በግ ሳንባ ወይም በሆስፒታል ለዓመታት የተጠበቀ የዕብጠት ሥጋ በአንድ ላይ ለማስተያየት ከእርሱ የሚሻል ጥቂት ነው፤ ማቅለሚያ ይቆጥባል፥ ጊዜም ያሳጥራል። ነገር ግን ሊደረደር የሚችለው አስቀድሞ የተጠበቀ ሥጋ ሲኖር ነው። በሰም የተተከለ የሥጋ መዝገብ የሌለው፥ ሰም የሚከትፍ ማይክሮቶም፥ ማቅለሚያውና ቅንጣቱን አይቶ የሚፈርድ ፓቶሎጂስት የሌለው ምርመራ ቤት ይህን መደርደሪያ ቢገዛ፥ በሬ ሳይኖረው ሞፈርና ቀንበር እንደ ገዛ ገበሬ ይሆናል። በስንዴ ቅጠል ላይ ያለውን የዋግ ወገን ለማወቅም ይህ መሣሪያ አያገለግልም። እንግዲህ በግዢ ወረቀት ላይ «ማይክሮአሬይ» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው ለስንዴ ያሰበው ገንዘብ ለሥጋ መደርደሪያ ሊወጣበት ይችላል። የመሣሪያው ሙሉ ስምና የሚሰጠው መልስ በወረቀቱ ላይ በግልጥ ይጻፍ።

ጥያቄው ከታወቀ በኋላ የሚቀጥለው የመሣሪያውን ቀለብ መቍጠር ነው። በቅሎ የገዛ ሰው የበቅሎዋን ዋጋ ብቻ እንደማያስብ፥ ገብሷንም፥ ኮርቻዋንም፥ ጠባቂዋንም እንደሚያስብ፥ መሣሪያም እንዲሁ ነው። ከላይ የተነገረው ትንሹ ማንበቢያ ለብዙ ዓመት መነሻው ከሚያስፈልገው ዕቃ ጋር በ1,000 የአሜሪካ ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ይህ ለምርመራ ቤት መሣሪያ ርካሽ ነው። ነገር ግን የሚያነብበት ፍሎው ሴል የተባለው ሰሌዳ ያልቃል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜም መጠበቅ አለበት፤ ሳይሠራበት ወራት ቢቀመጥ ይበላሻል። ዘሩን የሚያባዙትና የሚያዘጋጁት መድኃኒቶች ደግሞ ብዙዎቹ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይቀመጣሉ። መብራት በሚቋረጥበት አገር ማቀዝቀዣው በአንድ ሌሊት ቢሞቅ የዓመቱ ቀለብ ይጠፋል። ስለዚህ ጄኔሬተርና ኃይል የሚያጠራቅም ባትሪ የመሣሪያው አካል ናቸው እንጂ ትርፍ አይደሉም። እንደዚሁም ልካቸው የተረጋገጠ ፒፔቶች፥ ፈሳሽ የሚለይ ሴንትሪፉጅ፥ በቂ ኮምፒዩተር፥ ከሁሉም በላይ በሥራው የሠለጠኑ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ያስፈልጋሉ። ሁለት መባሉ አንዱ ለትምህርት ወይም ለተሻለ ደመወዝ ቢሄድ ቤቱ እንዳይዘጋ ነው።

የገንዘቡም ነገር በጥንቃቄ ይታይ። ዕቃው የሚመጣው በውጭ ገንዘብ ነው፤ በጀቱ ግን የሚያዘው በብር ነው። በ2024 በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት በተለወጠ ጊዜ 1 የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ አስቀድሞ በብር የተያዘ የመሣሪያ በጀት በአንድ ጊዜ ግማሽ ያህሉን ዕቃ ብቻ የሚገዛ ሆኖ ቀረ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ገዢዎች መሣሪያውን ገዝተው ቀለቡን ለማስቀረት ይፈተናሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ቍጠባ ነው፤ ትንሽ መሣሪያ ከ3 ዓመት ቀለብ ጋር መግዛት፥ ትልቅ መሣሪያ ያለ ቀለብ ከመግዛት እጅግ ይሻላል።

በግልጥ ጨረታ ዕቃ ሲገዛ በውሉ ውስጥ እነዚህ ነገሮች ቢገቡ መልካም ነው።

1ኛ፤ ሻጩ መሣሪያውን በምርመራ ቤቱ ውስጥ ተክሎ፥ ከአገሩ እርሻ በመጣ ናሙና ላይ ሠርቶ መልስ ካሳየ በኋላ ብቻ የመጨረሻው ክፍያ ይፈጸም።

2ኛ፤ ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው በኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩና በስንት ቀን እንደሚደርስ ይጻፍ።

3ኛ፤ የሚያልቁት ዕቃዎች በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየተራ እንዲመጡ፥ ሲደርሱም የአገልግሎት ጊዜያቸው ብዙ የቀረው እንዲሆን ይወሰን፤ ጕምሩክ ላይ ሲቆዩ የሚበላሹትም ተለይተው ይጻፉ።

4ኛ፤ ሥልጠናው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች፥ በሥራው ቦታ ላይ እንዲሰጥ ይደረግ።

5ኛ፤ መሣሪያው የሚቀበለው የአንድ ሻጭን ቀለብ ብቻ መሆኑ ወይም ከሌላም ሊገዛለት መቻሉ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ከአንድ ሻጭ ጋር ብቻ የሚያስር መሣሪያ ዋጋው ዛሬ ርካሽ ቢሆን ነገ ይወደዳልና።

ይህ ሁሉ ቢሟላም መሣሪያው ሊመልስ የሚችለው የተላከለትን ናሙና ብቻ ነው። የወረዳና የቀበሌ ሹማምንት ሥራ የሚጀምረውም በዚህ ነው። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ስንዴው በየሳምንቱ ይታይ። ዋግ በተገኘ ጊዜ ከአንድ ተክል አንድ ቅጠል ብቻ ይቈረጥ፤ የሁለት እርሻ ቅጠል በአንድ ላይ ከተቀላቀለ ሁለት ወገን አንድ መስሎ መልሱን ያሳስታልና። ለዘር ንባብ የሚላከው ምርመራ ቤቱ በሰጠው መጠበቂያ ፈሳሽ ውስጥ ይግባ፤ በቡቃያ ላይ ለሚመረመረው ግን ዋጉ በሕይወት መቆየት ስላለበት ቅጠሉ በወረቀት ፖስታ ተደርጎ በጥላ ሥር ይድረቅ። በላስቲክ ከታሰረ ወዝቶ ይበሰብሳል፤ በፀሐይ ከተሰጣም ይሞታል። መድኃኒት ከተረጨበት እርሻ ናሙና አይወሰድ። ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው የሚያልፍ ሠራተኛም እጁንና ልብሱን ያጽዳ፤ ዋጉን ራሱ እንዳያዛምት።

በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የቀበሌው ስም፥ የቦታው ከፍታ፥ የተዘራው የስንዴ ዘር ስም፥ የተዘራበትና ናሙናው የተወሰደበት ቀን ይጻፍ። ይህ ያልተጻፈበት ቅጠል ላኪው ያልታወቀ ደብዳቤ ነው። ከናሙናዎችም ሁሉ የሚቀድም አንድ አለ፤ «ዋግ አይነካውም» ሲባል የነበረ ዘር ተነክቶ ከተገኘ ያ ቅጠል ሳይውል ሳያድር ይላክ። እንቆይ፥ ኩብሳና ዲገሉ በወደቁ ጊዜ መጀመሪያ የታመሙት ቅጠሎች በአንድ ሰው እርሻ ላይ ነበሩ።

ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ሕግ አለ። በ2006 የወጣው አዋጅ ቍጥር 482 የአገሪቱ የዘር ሀብት ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ፥ ከእርሱም የሚገኘው ጥቅም ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ ይደነግጋል፤ ጕዳዩን የሚመለከተውም የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የጤፍ ታሪክ ይናገራል። በ2005 የኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ስምምነት ተፈራረሙ፤ ኩባንያው ግን በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ በኤውሮፓ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ቆየ፤ በ2009 ኩባንያው ከሰረ፥ ለኢትዮጵያም የታሰበው ጥቅም አልተገኘም። በ2018 በሄግ ያለ ፍርድ ቤት መብቱ በሆላንድ እንዳይጸና ፈረደ። የራሱን ዘር በራሱ ምርመራ ቤት የሚያነብ አገር በሌላው ደጅ ለመልስ መቆም አያስፈልገውም፤ የማያነብ ግን ስለ ገዛ እህሉ ከሌላ ሰው አፍ ይሰማል።

በመጨረሻም መልሱ ናሙናው ወደ ወጣበት ቀበሌ መመለስ አለበት። ምርመራ ቤቱ የዋጉን ወገን አውቆ በመጽሔት ቢያሳትመውና የእነማይ ወይም የሁለት እጁ እነሴ ገበሬ ሳይሰማው ቢቀር መሣሪያው ለስንዴው አልተገዛም ማለት ነው። ስለዚህ ናሙና የሚልክ ወረዳ መልሱ በስንት ቀን፥ በማን በኩል እንደሚደርሰው አስቀድሞ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ይዋዋል። መልሱ በመጣ ጊዜም ሦስት ነገር ይወሰናል፤ ዘንድሮ መድኃኒት የሚረጨው የትኛው እርሻ እንደ ሆነ፥ ለሚመጣው ዓመት የትኛው ዘር እንደሚከፋፈል፥ የትኛውም እንደሚቀር። አንድ ዘር ብቻ በአገሩ ሁሉ እንዳይዘራ ማድረግም ከዚሁ ውሳኔ ጋር ነው፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ቤት ያቆማልና።